መድኃኒቱ ደሜ ውስጥ ስንት ደረሰ?

ከጥቂት ወራት በፊት፣ የግፊት መድኃኒታቸውን ከእኛ ዘንድ መግዛት ከጀመሩ ዓመታት ያስቆጠሩ አንድ አዛውንት ወደ መስኮቱ ቀረብ ብለው፣ ድምፃቸውንም ከወትሮው ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህ ክኒን ደሜ ውስጥ ስንት እንደደረሰ የሚለካ ላቦራቶሪ ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የስኳር ሕመም ያለበት ታናሽ ወንድማቸው በየሦስት ወሩ ደም ሰጥቶ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። የሚጥል በሽታ ያለባት የልጅ ልጃቸው ደግሞ የመድኃኒቷ መጠን ከደሟ ተለክቶ ዶዙ (በየጊዜው የምትውጠው መጠን) ተስተካክሎላታል። እርሳቸው ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አምሎዲፒን ሲውጡ፣ አንድም ቀን ማንም ደማቸውን ቀድቶ መድኃኒቱ መብቃት አለመብቃቱን አላየላቸውም። «አምስት ሚሊ ግራም ለእኔ እንደሚበቃ በምን ታወቀ?» አሉኝ።

ከኋላቸው አምስት ሰው ተሰልፎ ስለነበር በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሼ ሸኘኋቸው። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ ለእኔም አልጣመኝም። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልጨረስኩት መልስ ነው። አስቀድሜ ማስታወቅ ያለብኝ፣ እኔ ፋርማሲስት እንጂ ሐኪም አለመሆኔን ነው (ሰው በመስኮቱ በኩል «ዶክተር» እያለ ቢጠራኝም)። ለእያንዳንዱ ታካሚ ዶዝ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እኔ የማስረዳው ዶዝ፣ በደም ውስጥ ያለ የመድኃኒት መጠንና የግፊቱ መውረድ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚገናኙ፣ አንዳንድ ጊዜም እንዴት እንደማይገናኙ ነው።

መጠናቸው ከደም እየተለካ የሚሰጡ መድኃኒቶች በእርግጥ አሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለልብ ድካም የሚሰጠው ዲጎክሲን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም የታወቁት ናቸው። በእነዚህ ውስጥ በሚጠቅመው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። ፌኒቶይን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ግራም ሲሆን ይሠራል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሰውየው መንገዳገድ ይጀምራል፣ ዓይኑም ይርገበገባል። ሌላው ምክንያት ደግሞ የመድኃኒቱን ውጤት በየዕለቱ ማየት አለመቻሉ ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚጥለው ሰው ዛሬ ስላልጣለው መድኃኒቱ በቅቶታል ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ውጤቱን ማየት ሲሳነው በደም ውስጥ ያለውን መጠን እንደ ምትክ ምስክር ይጠራል።

የደም ግፊት ግን ምትክ ምስክር የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም። መድኃኒቱ ሊያወርደው የታዘዘው ነገር ራሱ፣ ክንድ ላይ በሚታሰር ጨርቅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለካል። አንድ ሰው ከ165 ወደ 132 ከወረደ፣ በደሙ ውስጥ ያለው አምሎዲፒን ከሌላው ሰው በግማሽ ቢያንስም እንኳ መጠኑ በቅቶታል። ከ165 ወደ 160 ብቻ ከወረደ ደግሞ፣ በደሙ ውስጥ የቱንም ያህል መድኃኒት ቢገኝ አልበቃውም። ለዚያ ሰልፍ የመለስኩት መልስ ይህ ነበር፤ ትክክል ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም።

ሙሉ ያልሆነበት ምክንያት፣ ከክኒኑ ላይ የተጻፈው ሚሊ ግራም ወደ ደም ሲገባ ምን ያህል እንደሚለያይ ስላልነገርኳቸው ነው። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የግፊት መድኃኒት እንውሰድ። ከአንጀት ተመጥጦ በመጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ውስጥ ሲሆን፣ ጉበት አብዛኛውን እዚያው ስለሚሰብረው ለሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ክኒን ሰጥተን ደማቸውን ብንለካ፣ የአንዱ መጠን ከሌላው እስከ ሃያ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ኢናላፕሪል ደግሞ የሚዋጠውና የሚሠራው አንድ አይደለም፤ ጉበት ኢናላፕሪላት ወደሚባል ሌላ ቅርጽ ካልለወጠው በቀር ግፊቱን የሚያወርድ አቅም የለውም ማለት ይቻላል። ሎሳርታንም እንዲሁ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ከሚወለደው ውላጁ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከደም በአንድ ቀን ውስጥ በአብዛኛው ይወጣል፤ ግፊት ላይ ያለው ሥራው ግን ለመደላደል ሳምንታት ይወስዳል፣ ሲቆምም በአንድ ጊዜ አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ፣ ላቦራቶሪ ሄደን የቱን፣ በስንት ሰዓት ለክተን ነው ስለ ግፊቱ የምንፈርደው?

አምሎዲፒን ግን በደም ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ ማወቅ ለታካሚው በቀጥታ የሚጠቅምበት መድኃኒት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ ክኒን ከተዋጠ በኋላ በደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን ለማስረዳት የምጠቀምበት ምሳሌ ከታች የሚያንጠባጥብ እንስራ ነው። በየቀኑ አንድ ጣሳ ውኃ ይጨመርበታል፤ ውኃው ጥቂት ሲሆን የሚንጠባጠበው በዝግታ ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ራሱ ውኃው ስለሚገፋ የሚፈሰውም ይበዛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃው ከፍ እያለ ይሄድና፣ አንድ ቀን ላይ የሚጨመረውና የሚፈሰው እኩል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ እንስራው አይሞላም፣ አይጎድልም። አምሎዲፒን እዚህ እኩልነት ላይ የሚደርሰው በየቀኑ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ከሰባት ወይም ከስምንት ቀን በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከመጀመሪያው ቀን ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ይሆናል፤ የተዋጠው ክኒን ግን ያው ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ነው።

መድኃኒት በተጀመረ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ክኒኑን በእጥፍ መዋጥ፣ ወይም ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄዶ ሌላ መድኃኒት ማስጨመር፣ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ነው። እንስራው ገና እየሞላ ነው። በሦስተኛው ቀን በእጥፍ የጀመረ ሰው፣ በአሥረኛው ቀን ከአልጋው ሲነሳ ጭንቅላቱ ቢዞርበት የሚያስገርም አይሆንም። በተቃራኒው አንድ ቀን የረሳ ሰው ብዙ ሊጨነቅ አይገባም፤ ተጨማሪው አንድ ቀን የሚወስደው በደም ውስጥ ካለው ሲሶ ያህሉን ነው። ከደም ቶሎ የሚወጣ መድኃኒት ግን እንዲህ ይቅር ባይ አይደለም። በየአሥር ሰዓቱ በግማሽ የሚቀንስ መድኃኒት ከአንድ ቀን በኋላ የሚተርፈው ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ነው፤ ካፕቶፕሪል ደግሞ በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ለረሳ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት የማይቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የጾም ጉዳይ እዚህ ጋር ይገባል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ የማይቀምሱ ደንበኞቻችን የጠዋቱን ክኒን ሁለት ወር ሙሉ ይተዉታል፤ በረመዳንም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። በቀን አንዴ የሚወሰድና በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ከሆነ ይህን ሁሉ ጉዳት መቀበል አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። በእንግሊዝ ከ21,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ታይም የተባለ ጥናት፣ የግፊት መድኃኒትን ጠዋት በሚወስዱና ማታ በሚወስዱ መካከል በልብ ድንገተኛ ሕመም፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ልዩነት አላገኘም። ሽንት የሚያበዛውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ማታ የወሰደ ሰው ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘ መድኃኒትም በአንዴ ተጠቃልሎ አይወሰድም። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለሐኪሙ መንገር ነው። እናቴ ይህን ለሐኪሟ ለመንገር ሦስት ጾም ፈጅቶባታል፤ «ሃይማኖቴን እንዲነካ አልፈልግም» ትል ነበር። ሐኪሙ ግን ያደረገው ነገር ቢኖር ሰዓቱን ቀይሮ መጻፍ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ዶዝ በእጥፍ ሲጨመር የግፊቱ መውረድ በእጥፍ የማይጨምር መሆኑ ነው። ማንም ሰው በተፈጥሮ የሚያስበው ተቃራኒውን ነው፤ አምስቱ አሥር ካወረደ አሥሩ ሃያ ያወርዳል ይላል። በእንግሊዝ እነ ሎውና ዋልድ 354 ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ሥራ ይህን አስተሳሰብ በቁጥር አፍርሶታል። መደበኛው ዶዝ በአማካይ የላይኛውን ግፊት በ9.1፣ የታችኛውን በ5.5 ሲያወርድ፣ የዚያ ግማሽ ዶዝ ደግሞ 7.1 እና 4.4 አወረደ። በሌላ አነጋገር፣ ግማሹን መድኃኒት የወሰደ ሰው ከጥቅሙ ወደ ሰማንያ በመቶ የሚጠጋውን አግኝቷል። ሁለተኛው ግማሽ ያመጣለት ተጨማሪ ነገር ሁለት ነጥብ ብቻ ነው።

ለጠገበ ሰው ሌላ እንጀራ ቢቀርብለት ጥጋቡን በእጥፍ አያደርገውም። መድኃኒቱ የሚይዛቸው የሰውነት ክፍሎች በአብዛኛው ከተያዙ በኋላ የሚጨመረው የሚይዘው አያገኝም። ከዚህም በላይ ሰውነት ግፊቱ ሲወርድበት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ልብ ትፈጥናለች፣ ኩላሊት ጨውና ውኃ ይቆጥባል፣ የደም ሥርን የሚያጠብቁ ንጥረ ነገሮችም ይለቀቃሉ። አንዱን በር አጥብቆ መዝጋት ሌላውን በር አይዘጋውም። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ሁለተኛ መድኃኒት በትንሽ መጠን መጨመር፣ የመጀመሪያውን በእጥፍ ከማድረግ እጅግ የበለጠ ይሠራል። ያው የዋልድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ከ42 ጥናቶች አስልቶ ልዩነቱ ወደ አምስት እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል። ሦስት መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው በግማሽ ዶዝ ተደምረው የላይኛውን ግፊት 20 ያህል እንደሚያወርዱ የገመተውም የ2003ቱ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ክኒን አጣምሮ መጀመርን የመከረው ከእንዲህ ያለው ማስረጃ ተነስቶ ነው።

የትኞቹን ማጣመር ይሻላል ለሚለው፣ ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ክሪዮል የተባለ ጥናት ነው። ኬንያና ኡጋንዳን ጨምሮ በስድስት የአፍሪካ አገሮች በ728 ሰዎች ላይ የተካሄደ ሲሆን፣ አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥምረቶች አምሎዲፒን ከሌለበት ሦስተኛው ይልቅ ግፊቱን የተሻለ አውርደዋል። ኢትዮጵያ በጥናቱ አልነበረችም።

ጥቅሙ እንዲህ ቶሎ ሲጠግብ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን አይጠግብም። አምሎዲፒን በእጥፍ የሆነለት ሰው መጀመሪያ የሚያመጣው ቅሬታ «ማታ ማታ ጫማዬ አልገባ ይለኛል» የሚል ነው። ከመድኃኒቱ ጋር በሚወጣው መግለጫ ላይ የእግር እብጠት ባለ 5 ሚሊ ግራሙን ከሚወስዱ ሰዎች 3 በመቶውን፣ ባለ 10ሩን ከሚወስዱት ደግሞ 10.8 በመቶውን እንዳገኘ ተጽፏል። እናቴ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። እብጠቱ ውኃ በሰውነት ስለበዛ የመጣ አይደለም፤ መድኃኒቱ ደም የሚያመጡትን ትንንሽ ሥሮች ከፍቶ የሚመልሱትን ስለማይከፍት ፈሳሹ ወደ ቁርጭምጭሚት ይገፋል። በዚህም ምክንያት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሲጨመርለት እምብዛም አይቀንስም። የእናቴ ሐኪም ወደ 5 መልሶ በላዩ ትንሽ ኢናላፕሪል ሲጨምርላት እግሯም ጎደለ፣ ግፊቷም ከቀድሞው ይበልጥ ወረደ።

የሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቤተሰብ ታሪክ ደግሞ ዓለም ይህን ትምህርት ምን ያህል ዘግይቶ እንደተማረው ያሳያል። እነዚህ መድኃኒቶች በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲጀመሩ በቀን 100 እና 200 ሚሊ ግራም ይሰጡ ነበር፤ ዛሬ የተለመደው 12.5 ወይም 25 ነው። በዴንማርክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት፣ ቤንድሮፍሉአዛይድ የተባለውን የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ከ1.25 እስከ 10 ሚሊ ግራም በአራት ደረጃ ሰጥቶ ሲያወዳድር ግፊቱ በሁሉም ደረጃ ተቀራራቢ በሆነ መጠን ወረደ፤ ዶዙ በጨመረ ቁጥር የባሰው በደም ውስጥ ያለው የፖታሲየም መቀነስ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሕመምተኞች ከሚበቃቸው በላይ የዋጡት ትርፍ መድኃኒት በአብዛኛው የጠቀማቸው ፖታሲየማቸውን ለማጣት ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በሰውና በሰው መካከል ስላለው ልዩነት ከተነሳ፣ ከግፊት መድኃኒት የተነሳና እስከ አገራችን የዘለቀ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በለንደን የሴንት ሜሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪ የነበረው ሮበርት ስሚዝ፣ ዴብሪሶኩዊን የተባለውን የዚያ ዘመን የግፊት መድኃኒት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ራሱ ላይ ሞከረው። ባልደረቦቹ ምንም አልሆኑም፤ እርሱ ግን ግፊቱ ክፉኛ ወርዶ መቆም አቃተው። የዋጡት አንድ ዓይነት መድኃኒት ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፣ የስሚዝ ጉበት መድኃኒቱን የሚሰብረው ኢንዛይም ሥራውን እንደማይሠራ፣ ይህም በዘር የሚወረስ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ኢንዛይም ይህ ነው። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ይህንኑ ኢንዛይም በኢትዮጵያውያን ላይ ሲያጠኑ ነገሩን በተቃራኒው ጫፍ አገኙት፤ ካጠኗቸው ሰዎች 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተደራርቦ የሚገኝባቸው ነበሩ፤ ማለትም መድኃኒቱን ከሌላው ሰው እጅግ ፈጥነው የሚሰብሩ። በአውሮፓ ሰዎች ዘንድ ይህ ድርሻ በጣም አነስተኛ ነው።

ዴብሪሶኩዊን ዛሬ ከገበያ ወጥቷል፤ ኢንዛይሙ ግን ለግፊትና ለልብ የሚታዘዘውን ሜቶፕሮሎልን ይሰብራል፣ በፕሮፕራኖሎልና በካርቬዲሎልም እጁ አለበት። ስለዚህ ሜቶፕሮሎል የታዘዘለት ኢትዮጵያዊ፣ በአዲስ አበባም ይኑር በዋሽንግተን፣ የልብ ምቱና ግፊቱ እንደታሰበው ካልቀነሰ «መድኃኒቱን አልወሰድክም» ከመባሉ በፊት ይህ ነገር ቢታሰብለት ፍትሕ ነው። አቴኖሎል በአብዛኛው በኩላሊት ስለሚወጣ፣ አምሎዲፒንም በሌላ ኢንዛይም ስለሚሰበር ይህ አይነካቸውም።

አምሎዲፒንና የቅርብ ዘመዱ ኒፈዲፒን የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እነርሱን የሚሰብረው ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለው ኢንዛይም በሌሎች መድኃኒቶች በቀላሉ ይቀሰቀሳል፣ በቀላሉም ይታፈናል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው የሚወስደው ሪፋምፒሲን ይህን ኢንዛይም ስለሚቀሰቅስ የኒፈዲፒን መጠን በደም ውስጥ እጅግ ያሽቆለቁላል፤ ተረጋግቶ የነበረው ግፊትም ያለ ምክንያት የወጣ ይመስላል። በጨጓራ ባክቴሪያ ምክንያት ከሚታዘዙት አንዱ የሆነው ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ኢንዛይሙን አፍኖ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እንዲከማች ስለሚያደርግ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በድንገት ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። የጨጓራ ማዘዣ ይዞ ለሚመጣ አዛውንት ሁሉ «የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው። አንዳንዱ «ከጨጓራዬ ጋር ምን አገናኘው» ብሎ ይቆጣል።

መጠኑ በደም ውስጥ ሳይነቃነቅ ግፊቱ የሚወጣበት ሁኔታም አለ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ እየተገዛ የሚዋጠው ዲክሎፌናክ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ የኢናላፕሪልንና የሃይድሮክሎሮታያዛይድን ሥራም ያከሽፋል። የእነዚህን ሰዎች ደም ብንለካ መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ በቦታው ይገኛል። የደሙ ቁጥር «ደህና ነው» ይለናል፤ የክንዱ ቁጥር ግን 170 ይላል።

ከመጠኑ ይልቅ የመጠኑ ፍጥነት ሰው የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። ግፊቱ 200 የገባበት ሰው ሲመጣ፣ ቶሎ የሚሟሟውን የኒፈዲፒን እንክብል ቀዳድቶ ከምላስ ሥር መጨመር በዓለም ሁሉ የተለመደ ነበር። በደም ውስጥ ያለው መጠን በደቂቃዎች ያሻቅባል፣ ግፊቱም በዚያው ፍጥነት ይወድቃል፤ ከፍተኛ ግፊትን ለዓመታት የለመደ አንጎልና ልብ ግን በድንገት ደም ሲጎድልባቸው ስትሮክና የልብ ድንገተኛ ሕመም ተከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ይህ ልማድ እንዲቆም በግልጽ የተጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ግን ድርጊቱ ገና አልጠፋም ነበር፤ ይህን በዓይኔ ያየሁበትን ክሊኒክ ስም አልጠራም። ኒፈዲፒኑ ያው ኒፈዲፒን ነው፤ በዝግታ በሚለቀቀው ክኒን ሲሰጥ ለዓመታት ጤና ሆኖ ያገለግላል።

የግፊት መድኃኒት መጠን ከደም ወይም ከሽንት የሚለካበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም መድኃኒቱ መዋጥ አለመዋጡን ለማወቅ ነው። በእንግሊዝ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የ208 ሰዎችን ሽንት መርምሮ፣ ሩብ ያህሉ ከታዘዘላቸው መድኃኒት ከፊሉን ወይም ሁሉንም እንደማይወስዱ አግኝቷል። እኔ በዚህ አልፈርድም። ራስ የማያሳምም፣ ምልክት የማይሰጥ በሽታን በየቀኑ በክኒን ማስታወስ ከባድ ነው፤ የክኒኑ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ አንዱን ቀን ዘልሎ መዋጥ ይጀመራል። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ዶዝ መጨመር ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም በማዘዣው ላይ ሦስት መድኃኒት በሙሉ ዶዝ ተጽፎለት፣ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነርሷ ሁሉንም በሰዓቱ ስትሰጠው ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል። ለሐኪም እውነቱን መናገር ከማንኛውም የላቦራቶሪ ምርመራ ይረክሳል።

አዛውንቱ በወሩ መድኃኒታቸውን ሊገዙ ሲመጡ ሰልፍ አልነበረም። ይህን ሁሉ ባይሆንም ግማሹን ነገርኳቸው፤ ከዚያም አንድ ሥራ ሰጠኋቸው። ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው መለኪያ ቤታቸው ስለነበረ፣ ለሰባት ቀን ጠዋት ክኒኑን ከመዋጣቸው በፊት፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ቡና ሳይጠጡ ሁለት ጊዜ እየለኩ እንዲጽፉ። ሰዓቱን የመረጥኩት በዋዛ አይደለም፤ ከሚቀጥለው ክኒን በፊት ያለው ሰዓት መድኃኒቱ በደም ውስጥ ዝቅተኛው መጠን ላይ የሚገኝበት ነው። በዚያ ሰዓት ግፊቱ ልክ ከሆነ መድኃኒቱ ሃያ አራቱን ሰዓት ሸፍኗል ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ደህና ከሆነ ደግሞ እጥረቱ የመድኃኒቱ ቆይታ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ሲለካ አማካዩ ከ135 በ85 በታች መሆን እንዳለበትም ጻፍኩላቸው። የፈለጉት «ደሜ ውስጥ ስንት ደረሰ» የሚለው መልስ በተዘዋዋሪ ከዚህ ይገኛል።

የልጅ ልጃቸውን ደብተር ገጽ ቀደው ያመጡት ዝርዝር አማካዩ 148 በ88 ነበር። ወደ ሐኪማቸው ይዘውት ሄዱ፤ ሐኪሙም አምሎዲፒኑን ወደ 10 አላሳደገውም፣ ባለ 5ቱን ትቶ ትንሽ ኢናላፕሪል ጨመረላቸው። ለላቦራቶሪ ብለው ያስቀመጡትን ገንዘብ ምን ላድርገው ብለው ሲጠይቁኝ፣ ኢናላፕሪል ለጀመረ ሰው በእርግጥ የሚያስፈልግ የደም ምርመራ አለ አልኳቸው፤ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም፣ ከመጀመሩ በፊት አንዴ፣ ከጀመሩ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንዴ፤ መድኃኒቱ ኩላሊት ላይ ጫና ማሳደሩንና ፖታሲየም ማከማቸቱን የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው። ሁለተኛውን ውጤት ባለፈው ሳምንት አሳዩኝ፤ ፖታሲየማቸው 4.4 ነው፣ ክሪያቲኒናቸውም እምብዛም አልተነቃነቀም። አዲሱ ገጽ ላይ ያለው የጠዋት አማካይ 131 በ79 ነው። «ያ ክኒን አሁንም ደሜ ውስጥ ስንት እንደሆነ አልነገርከኝም» አሉና ሳቁ።